የግንቡ ሃያ ሦስት ቀዳዳዎች

ሰኞ፣ ወሩ በገባ በ3

ብዕሩን የያዘችው ምራቴ ናት። ቃሉ የኔ ነው፣ እጁ የእሷ። ልጄ ካለፈ አራት ዓመቱ ነው፤ እሷ ግን ቤቱንም እኔንም ጥላ አልሄደችም። ልብስ ሰፊ ናት። በኋለኛው ክፍል የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ ቀኑን ሙሉ ስታንቀጫቅጭ ትውላለች። እሷ ፊደል የቆጠረች ናት፤ እኔ አልቆጠርኩም። አላፍርበትም። በኔ እጅ የቆሙ ቤቶች ውስጥ ስንት የተማረ ሰው ይኖራል።

ደብተሩን ያስጀመረኝ የምክር ቤቱ ዘበኛ ነው። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ሊቀመንበሩን አገናኙኝ ብል በር ላይ አቆመኝና፣ እዚህ ግቢ ውስጥ በአፍ የመጣ ነገር በአፍ ይመለሳል፣ ቀን በቀን አስጽፈው ይምጡ አለኝ። ደግ ሰው ይመስላል። አላስገባኝም እንጂ።

ነገሩ ይሄ ነው። ከቤታችን ጀርባ የድጋፍ ግንብ አለ። ከግንቡ በላይ የመኪና መንገድ፣ ከሥሩ በአንድ ረድፍ ዘጠኝ ቤት። የኛ አምስተኛው ነው፣ እመሃል። ግንቡን የሠራሁት እኔ ነኝ። የዛሬ አርባ ዓመት ዋና ግንበኛ ሆኜ፣ ስድስት ሰው ይዤ። ዛሬ ሲነጋ ቀጥ ማለቱን የምለካበትን ቱንቢ ጣልኩበት። ዳርና ዳሩ እንደ ወታደር ቆሟል። መሃሉ አራት ጣት ሆዱን ነፍቷል። ዝናቡ ገና መጀመሩ ነው።

ሆዱን የነፋ ግንብ መልሶ አያስገባም። ከኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ይምጣ።

ሐሙስ፣ በ6

ምክር ቤት ሄድን። ረጅም ኮሪደር፣ አግዳሚ ወንበር፣ በመጨረሻ መስኮት። መስኮቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ለድንክ የተሠራ ይመስል ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚናገርበት። እኔ አልጎነበስኩም፤ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ የታተመ ወረቀት ሰጠችኝ። መነጽሬን ቤት ረስቼ ነው፣ አንቺው አንብቢልኝ አልኳት። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። ምራቴ ጣሪያ ጣሪያውን ታይ ነበር።

ደንቡ እንዲህ ነው። አቤቱታ ከሆነ ሃምሳ ፊርማ። የሕዝብ ጥያቄ ከሆነ ከስድሳ ቃል ሳይበልጥ፣ ከስብሰባው አሥር ቀን ቀድሞ በጽሑፍ ይገባል። ጠያቂው በስብሰባው ላይ ራሱ ቆሞ እንደጻፈው ያነበዋል፤ መጨመርም መቀነስም የለም። መልስ ከተሰጠው በኋላ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይፈቀድለታል። ጥያቄ ነው፣ ንግግር አይደለም፤ ይህን ልጅቷ ሁለቴ ደገመችልኝ። ስብሰባው በ27 ነው።

ሁለቱንም አስገባለሁ አልኩ። ማን እንደሚያነበው እንጃ።

ቅዳሜ፣ በ8

ፊርማ ማሰባሰብ ወጣን። ከፀጉር አስተካካዩ ጀመርኩ፤ ሁለተኛው ቤት ነው። ምላጩን እየሳለ ሰማኝና ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይሄን ግንብ መድፍ አይጥለውም ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? አሥራ አምስት ዓመት ጢምዎን ስላጭ የሰማሁት እሱን ነው። ዛሬ ምን ነካዎት?»

ወንበሩ ላይ የነበረው ሰውዬም በሳሙናው ውስጥ ሳቀ። አልፈረሙም።

የአራተኛው ቤት እትዬ ደግሞ ተቆጡኝ። አንተ የሠራኸው ሊወድቅ ነው? ሟርትህን ወዲያ በል፣ ባይሆን ገብተህ ሻይ ጠጣ አሉኝ። ሻይ ጠጣሁ። ፊርማ የለም። አልጋቸው ከግንቡ በኩል ካለው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ አየሁት። ድሮም እዚያው ነው የነበረው፤ ልብ ያልኩት ዛሬ ነው።

እስኪመሽ ዘጠኝ ፊርማ። ሰው እኮ አምኖ የተኛው በግንቡ አይደለም አባባ፣ በእርስዎ ነው አለችኝ ምራቴ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ወረቀቱን አጥፌ መለስኩላት።

ሰኞ፣ በ10

ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ቱንቢ ጣልኩ። አራት ጣት ተኩል። እርጅና እጄን አንቀጥቅጦት እንደሆነ ብዬ ደግሜ ጣልኩ። ያው ነው።

ረቡዕ፣ በ12

ዛሬ ጥያቄውን ልናረቅ ተቀመጥን። እኔ ስናገር እሷ ትቆጥራለች። መቶ አርባ ሆነ። ቀንሱ ተብሏል አባባ ትላለች። ምኑን ልቀንስ? መንገዱን? ቤቱን? ሰዉን?

መሃል ላይ ብዕሯን አስቀመጠች። ዝናብ ሲዘንብ ከዳርና ከዳር ያሉት ቀዳዳዎች ውሃ ያወርዳሉ፣ እመሃል ያሉት ግን ደረቅ ናቸው፣ ለምንድን ነው አለችኝ። ያልኩሽን ጻፊ አልኳት። ያልኩሽን ጻፊ የሚለውንም ጻፈችው መሰለኝ፤ ብዕሩ አልቆመም።

ግንቡ ላይ ሃያ ሦስት ቀዳዳ አለ። ከጀርባው የሚጠራቀመው ውሃ እንዲወጣ ነው። ይህን ለማያውቅ ብዬ ነው።

ዓርብ፣ በ14

ጡሩምባው አዳነን። የአንደኛው ቤት ጡረተኛ ሾፌር ነው፤ ሲያወራ ከላይ መንገድ ድረስ ስለሚሰማ ነው እንዲህ የምንለው። ትናንት ወረቀቱን ከምራቴ እጅ ነጥቆ ቤት ለቤት ዞረ። የድሮ መኪና ፍየል ነበረ፣ ያሁኑ ዝሆን ነው፤ ግንበኛው ምን ያድርግ፣ ዝሆን ይራመድበታል ብሎ ሠርቷል ወይ እያለ። ሰዉም እውነት ነው እያለ ፈረመ። ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር። እትዬም ጭምር። ሃምሳ ሦስት ደረሰ።

ነገሩ ለኔም ልክ መሰለኝ። ከባድ መኪና ነው። ጥያቄውም በዚሁ አለቀ፤ ክብደቱ ስለጨመረው የጭነት መኪናና ስለ ግንቡ ሆድ፣ በሃምሳ ስምንት ቃል። ስለ ቀዳዳ አንድም ቃል የለበትም። ሁለት ቃል ተርፎ ነበር፤ ምራቴ ምን ልጨምርበት አለችኝ። ይበቃል አልኩ።

ሰኞ፣ በ17

አስገባን። የመጨረሻው ቀን ስለነበር ኮሪደሩ ሙሉ ነው። ይፈርሙ አለችኝ የመዝገብ ቤቷ ልጅ። አውራ ጣቴን ዘረጋሁላት። መነጽሩስ አላለችኝም፤ ተመስገን። ቀለሙን ነክሬ ወረቀቱ ላይ ጫንኩ። ጥቁር ክብ ወጣ፣ መስመር የሌለው። ደግማ አስነከረችኝ። ያው ጥቁር ክብ። ጣትዎ አሻራ የለውም እኮ አባት አለችኝ።

«ስሚንቶ በልቶታል» አልኳት። «ድሮ ነበረው።»

ፊት ለፊቴ አትሟል ብላ ከጎኑ ጽፋ ማኅተም መታችበት። ጣቴን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። እስከ ቤት አላወጣሁትም።

ሐሙስ፣ በ20

ስድስት ጣት።

መኪናሽን ወደ ፊተኛው ክፍል አውጪ አልኳት። ለምን አለች። ለብርሃኑ አልኳት። በፊተኛው ክፍል ብርሃን የለም። ጨርቋን ሰበሰበች፤ መኪናውን ሁለታችን ተሸክመን አወጣነው። ከተነሣበት ቦታ ግድግዳው እስከ ጉልበት ርሷል።

በሃያ ሰባት ይደርሳል ወይ? ይደርሳል። አርባ ዓመት የቆመ ሰባት ቀን አያቅተውም።

ዓርብ፣ በ21

ዝናብ። አልተኛሁም። ጥያቄውን በቃሌ አጠናለሁ። እሷ ታነባለች፣ እኔ እደግማለሁ። እሁድ ቀን ሳይቀር እናጠናለን። በልጅነቴ ያልገባሁበትን ትምህርት ቤት በሰባ ስምንት ገባሁ ብዬ ቀለድኩ። ሳቀችልኝ፤ ልታስደስተኝ ብላ ነው።

ሰኞ፣ በ24

መልሱ በጽሑፍ ቀድሞ መጣ። ምራቴ ፖስታውን በመቀስ ከፍታ መጀመሪያ ለብቻዋ አነበበችው። ፊቷን አየሁት። ከዚያ ድምፅዋን ሳትለዋውጥ አነበበችልኝ። ቃሉን እንዳለ ገልብጪው ብያታለሁ፦

«ግንቡ በፕላኑ መሠረት የተሠራ ስለመሆኑ፣ ሃያ ሦስቱም የውሃ መውጫዎች ግንቡን ዘልቀው ከጀርባው እስከተሞላው ጠጠር ስለመድረሳቸው፣ ዋና ግንበኛው በአሻራው ያረጋገጠበት የርክክብ ሰነድ በመዝገብ ቤት ስለሚገኝ፣ ሥራው በዚህ ዓመት የጥገና ዕቅድ አልተያዘም።»

ከሥሩ ስሜ አለ። ጠያቂውም እኔ፣ አረጋጋጩም እኔ።

እሷ ወረቀቱን አጥፋ አስቀመጠችና እውነት ነው ወይ አለችኝ። ዛሬ አላስጽፍም አልኳት። ይህንንም ጻፈችው።

ማክሰኞ፣ በ25

ሰባት ጣት። አንድ ድንጋይ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ። እትዬን ደጃፋቸው ላይ አገኘኋቸው። ደህና አደርክ ግንበኛው አሉኝ። ግንበኛው ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ በ26

ከሰዓት። ዝናቡ በርትቷል፤ መብራት የለም፤ በሻማ ነው የምትጽፈው። ነገ ስብሰባ ነው። ዛሬ የምናገረውን አትጻፊ ብያታለሁ። ብዕሩ ግን ሲጫር ይሰማኛል። ተይው፤ ይጫር።

በዚያን ዘመን ዳርና ዳሩን ጨርሰን መሃሉ ቀርቶ ነበር። ከጀርባው የሚሞላው ጠጠር አለቀ፤ ቱቦውም አለቀ። ትልቅ ሰው መንገዱን ሊመርቅ በአራተኛው ቀን ይመጣል ተባለ። ኮንትራክተሩ መጥቶ መሃሉን በአፈር ሙላውና ዝጋው አለኝ። አይሆንም አልኩ። አንድ ጊዜ ነው ያልኩት። ሁለተኛ ሲለኝ ሰዎቼን አፈር አመላለስኳቸው።

ቀዳዳ የሌለው ግንብ ደግሞ ከሩቅ ያስታውቃል። ስለዚህ በመሮ ፈለፈልኩለት። አሥራ አንድ ቀዳዳ፤ ጥልቀታቸው መዳፍ ቢሞላ ነው። ጥሩ አድርጌ ነው የፈለፈልኳቸው። ዛሬም ብታዩአቸው ከእውነተኞቹ ይልቅ የውሸቶቹ ያምራሉ።

ከዚያ ወረቀት መጣ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ቆሞ ከላይ እስከ ታች አነበበልኝ። ሰማሁ። ጣቴን ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ ለራሴ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፣ ወረቀቱ ምን እንዳለ በምን አውቃለሁ እያልኩ ኖርኩ። ደግ ሰበብ ነበር። አርባ ዓመት አገለገለኝ።

ልጄ ስምንት ዓመቱ ሳለ ሸምበቆ ይዞ ቀዳዳዎቹን እየለካ ይጫወት ነበር። አንድ ቀን እየሮጠ መጣና አባዬ፣ አሥራ አንዱ አያስገቡም አለኝ። በጥፊ መታሁት። ከዚያ በፊት መትቼው አላውቅም፤ ከዚያ በኋላም አልመታሁትም። ማታ አንቀላፋ ሲሉኝ ሄጄ ጉንጩን አየሁት። እሱም ዳግመኛ አልጠየቀኝም። አድጎ ሲያገባ ያን የኋለኛውን ክፍል ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት።

እዚህ ስደርስ ብዕሩ ቆመ።

«ነግሮኛል አባባ» አለችኝ። «አሥራ አንድ ናቸው ብሎ ነግሮኛል።»

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ፣ ለምንስ እዚያ ክፍል ተቀመጥሽ አልኳት። እሱ አባቴ አይወድቅም ካለ አይወድቅም ይል ነበር፣ እኔም አመንኩት አለችኝ። በ12 ስለ ደረቆቹ ቀዳዳዎች የጠየቀችኝ ሳታውቅ መስሎኝ ተቆጥቻት ነበር።

የሻማውን ክር ቆረጥኩላት።

ሐሙስ፣ በ27

ስብሰባ። ወረቀቱን ገልብጬ እንዳልይዘው ከላይ በኩል ጥጉ ላይ በቀይ ክር ሰፍታልኛለች። ክሩን በጣቴ እየዳበስኩ ተቀመጥኩ። የሠፈሩ ሰው ከኋላ ሦስት ረድፍ ሞልቷል። ጡሩምባው ገና ሳይጀመር ሁለት ጊዜ ዝም በል ተባለ።

ከኔ በፊት አንዱ ስለ መንገድ መብራት ጠየቀ፤ በጥናት ላይ ነው ተባለ። አንዷ ስለ ባለቤት አልባ ውሻ ጠየቀች፤ እሱም በጥናት ላይ ነው። ከዚያ ተጠራሁ። ሃምሳ ስምንቱን ቃል ሳልሳሳት አልኳቸው። ሰብሳቢዋ ያንኑ መልስ ደግማ አነበበችና አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይፈቀድልዎታል፣ ንግግር እንዳያደርጉ አለችኝ።

ከባድ መኪናውን መጠየቅ እችል ነበር። ጡሩምባው ከኋላ፣ ዝሆኑን፣ ዝሆኑን ይለኛል።

«ጥያቄ ነው» አልኩ። «በዚያ ወረቀት ላይ ያተመው ሰው ዋሽቶ ከሆነ፣ አሥራ አንዱ ቀዳዳ ለዓይን የተፈለፈለ እንጂ የማያልፍ ከሆነ፣ ምክር ቤቱ የሚያምነው ወረቀቱን ነው ወይስ ግንቡን?»

ሰብሳቢዋ፣ ሰውየው በሕይወት አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

«ፊትዎ ቆሟል።»

ከዚያ የምክር ቤቱ መሐንዲስ ተነሣ፤ የልጅ ልጄ የሚሆን ልጅ ነው። ሊያድነኝ ፈለገ። አባት ማንበብ ስለማይችሉ ምን ላይ እንዳተሙ አላወቁ ይሆናል፣ በዚያን ጊዜ የተለመደ ነበር አለ። በሩን ከፍቶልኛል፤ መግባት ብቻ ነው የቀረኝ። በሰው ሁሉ ፊት ማንበብ አይችልም መባሌ ያቃጥለኛል ብዬ ነበር። አላቃጠለኝም።

«አላነበብኩም፤ ተነቦልኛል» አልኩት። «ሰምቼ ነው ያተምኩት።»

ስቀመጥ ከኋላዬ ፀጉር አስተካካዩ ለጎረቤቱ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት። አሥራ አምስት ዓመት ምላጭ አንገቱ ላይ ይዤ ነው እንዲህ የዋሸኝ አለ። ማንም አልሳቀም።

ሰብሳቢዋ ጉዳዩ ለኮሚቴ ይመራል፣ በሚቀጥለው ወር ይታያል አለች። በጥናት ላይ ማለቷ ነው። መሐንዲሱ ግን ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝና ነገ በጠዋት እመጣለሁ አለኝ። ቀጭን ብረት ይዘህ ና አልኩት።

ዓርብ፣ በ28

መጣ። ብረቱን በየቀዳዳው ከተተ። እኔ ቁጥር እጠራለሁ፣ እሱ ይከታል። ከሰባተኛው ጀምሮ እስከ አሥራ ሰባተኛው ብረቱ ድንጋይ እየመታ ተመለሰ። በመጨረሻ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ጠርዛቸውን በጣቱ ዳበሰና የተፈለፈሉት እንዴት ያምራሉ አለኝ። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ሦስቱን ቤት ዛሬውኑ ልቀቁ አለ፤ አራተኛውን፣ የኛን፣ ስድስተኛውን። ኮሚቴውን አልጠበቀም፤ በራሱ ፈርሞ በሮቹ ላይ ለጠፈ።

እትዬ የግድግዳ ሰዓታቸውን ታቅፈው ሲወጡ ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ። አልሰጡኝም።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ከግንብህ ሥር ስተኛ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አልኩ።

ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እሁድ፣ በ30

ጡሩምባው ቤት ነን። ፊተኛውን ክፍል ለቆልናል። እሱም ብዙ አያወራም፤ በኔ ምክንያት ጡሩምባው ዝም አለ። ሌሊት ከላይ መኪና ባለፈ ቁጥር ቁጭ እላለሁ። ምራቴም ስትቀመጥ ይሰማኛል። እንተኛ አባባ ትላለች። ሁለታችንም አንተኛም።

ማክሰኞ፣ በአዲሱ ወር በ2

ዛሬ ሠራተኞች መጡ። በወፍራም አጣና ግንቡን ደገፉት፤ ከዚያ መሰርሰሪያ አወጡ። መሐንዲሱ ራቅ ይበሉ አለኝ፤ ራቅሁ። በሰባተኛው ቀዳዳ ሊጀምሩ ሲሉ ከሩቅ ጮህኩ። እዚያ ድንጋዩ ወፍራም ነው፣ ክንድ ይሆናል፤ ከታች ሁለተኛው የድንጋይ ረድፍ፣ አሥራ አንደኛው ጋ በሉት፣ እዚያ ቀጭኑን ነው ያስቀመጥኩት አልኩ። መሐንዲሱ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ሰዎቹን ወደዚያ አዛወራቸው።

ሰረሰሩት። መጀመሪያ ዱቄት ወጣ። ከዚያ ጭቃ። ከዚያ መሰርሰሪያው ሲመዘዝ ውሃው እንደ ክንድ ወፍሮ ተወረወረ፤ ሠራተኛው ወደ ኋላ ወደቀ። ቀይ ውሃ ነው። እኔ ያሸከምኩት አፈር ነው የሚወጣው። እስኪጨልም ፈሰሰ፤ አሁንም ይፈሳል፤ እዚህ ሆነን ይሰማናል። ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ሰላም አላለኝም፤ ግን ወንበር አወጣልኝ።

የቀሩት አሥሩ ከነገ ጀምሮ ነው። ሆዱ ስምንት ጣት እንደሆነ አለ፣ አይመለስም። ይቆማል ወይ ብዬ መሐንዲሱን ጠየቅሁት። ውሃው ከወጣለት ሊቆም ይችላል፣ ዝናቡ ግን ገና ወር አለው፣ ቃል አልገባም አለኝ። ስለ ምክር ቤቱም ነገረኝ። በኔ ላይ ደብዳቤ ይጻፋል ተብሏል። ይጻፍ። ይኸው አንቺ አለሽ፣ ታነቢልኛለሽ።

በይ ልጄ፣ አሁን ብዕሩን አስቀምጪውና ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢልኝ። አንድም አትዝለይ። አትጻፊ ያልኩሽን እንደጻፍሽው አውቃለሁ፤ ሸምበቆው ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊው።